የተቆለፈ መጽሐፍ፦ የከፈልንበትን መክፈት ይፈቀድልናል?

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ከኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ላይ የቅጂ መከላከያ ቁልፍን ማንሳት በሕግም ሆነ በሥነ ምግባር እንዴት እንደሚታይ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ መልሶቻችን የጠበቃን ምክር አይተኩም፤ ይሁንና እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ጉዳይ የሚመዝንበት መሠረት እንዲያገኝ የምናውቀውን በዝርዝር አስፍረናል።

ጥያቄ፦ ለዓመታት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን ከአንድ ሻጭ ስገዛ ቆይቻለሁ። በቅርቡ ማንበቢያ መሣሪያዬ ተበላሽቶ የሌላ ኩባንያ ምርት ስገዛ፣ የቀድሞዎቹ መጻሕፍት አንዳቸውም እንደማይከፈቱበት ተረዳሁ። ቁልፉን የሚያነሳ ፕሮግራም እንዳለ ጓደኞቼ ነገሩኝ። መጻሕፍቱን ለማንም የማካፈል ሐሳብ የለኝም፤ የምፈልገው ገንዘቤን ያወጣሁባቸውን ማንበብ ብቻ ነው። ይህን ባደርግ ሕግ ተላለፍኩ ማለት ነው? ሕጉ ቢቀር እንኳ የደራሲዎቹን መብት ነካሁ ይባላል?
*ስሜ እንዲገለጽ የማልፈልግ አንባቢ*

መልስ፦ ሕጉንና የደራሲዎቹን መብት ለይተው መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ የሁለቱ መልስ አንድ አይደለምና።

አስቀድሞ ቁልፉ ምን እንደሆነ እንመልከት። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ከውስጥ ሲታይ እንደ ድረ ገጽ የተጻፉ ምዕራፎች፣ ሥዕሎችና ማውጫ ተጠቃልለው የሚገኙበት ጥቅል ነው። ሻጩ መጽሐፉን ከመላኩ በፊት ይህን ይዘት ያመሰጥረዋል፤ መፍቻውን ግን ለገዢው በቀጥታ አይሰጥም፤ የሚሰጠው በገዢው ስም ለተመዘገበው መሣሪያ ወይም አፕሊኬሽን ነው። በዚህም ምክንያት ፋይሉ በእጅዎ ቢገኝም፣ መጽሐፉ በየትኛው መሣሪያ እንደሚነበብ፣ በስንት መሣሪያ ላይ እንደሚጫንና ከውስጡ አንድ አንቀጽ መቅዳት ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ሻጩ ያቆመው ሥርዓት ነው። ይህ አሠራር በባለሙያዎች ዘንድ ዲአርኤም እየተባለ ይጠራል። አዲሱ መሣሪያዎ መጻሕፍቱን መክፈት ያቃተው ፊደላቱን ማሳየት ስለማይችል ሳይሆን መፍቻው ስላልተሰጠው ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ መነሻው በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የቅጂ መብት ስምምነት ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 11 አባል አገሮች የቅጂ መብት ባለቤቶች ሥራቸውን ለመጠበቅ የሚጠቀሙባቸውን የቴክኒክ መከላከያዎች ሰብሮ ማለፍን የሚከለክል በቂ የሕግ ጥበቃ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። አሜሪካ ይህን ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2001 መመሪያው በሥራ ላይ አውለዋል።

አብዛኛው ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የቅጂ መብትን መጣስ አንድ ጥፋት ነው፤ መከላከያውን መስበር ደግሞ በብዙ አገሮች ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጽሐፉን ለማንም ሳያጋራ፣ ምናልባትም ሕጉ ራሱ በሚፈቅደው መንገድ ለግል ጥቅሙ ቢገለብጠው እንኳ፣ ቁልፉን በማንሳቱ ብቻ ሊጠየቅ ይችላል። ነጥቡ የአሜሪካን ዳኞች ሳይቀር አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጋራዥ በር መክፈቻ ሪሞትን በሚመለከት ክስ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ቁልፍ ሰባሪው የሚጠየቀው ድርጊቱ ከቅጂ መብት ጥሰት ጋር ሲያያዝ ነው ሲል፣ በ2010 የኮምፒውተር ጨዋታን በሚመለከት ጉዳይ ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት እንዲህ ዓይነት ግንኙነት አያስፈልግም ብሏል።

የሚያስከትለው ቅጣትስ? በዚሁ የአሜሪካ ሕግ፣ በፍትሐ ብሔር የተከሰሰ ሰው ለእያንዳንዱ የመስበር ድርጊት ከ200 እስከ 2,500 ዶላር ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። የወንጀል ቅጣቱ በመጀመሪያ ጥፋት እስከ 500,000 ዶላርና እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ የሚፈጸመው ግን ሆን ብሎ ለንግድ ጥቅም ወይም ለግል የገንዘብ ትርፍ በሠራ ሰው ላይ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሻሻለችው ሕግ፣ ለግል ጥቅሙ ብቻ ቁልፍ ያነሳ ግለሰብ በሕግ የተወሰነውን ካሣ እንዳይጠየቅ አድርጋለች። ፖርቱጋል በበኩሏ በ2017 ሕጓን አሻሽላ፣ ሕጉ ራሱ ለተጠቃሚዎች የሰጣቸውን መብት ለመጠቀም ሲባል መከላከያውን ማለፍ እንዲቻል ፈቅዳለች። አገሮቹ ሁሉ ከአንድ የስምምነት ሐረግ ተነሥተው ምን ያህል እንደተለያዩ ልብ ይበሉ፤ ይህ የሚያሳየው የአገርዎን ሕግ ማየት ግድ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ሕጉ ሊሻሻል የሚችል መሆኑንም ነው።

ከሕጉ ሌላ ውል አለ። አካውንት ሲከፍቱ ተስማምቻለሁ ብለው ያለፉት ረጅም ጽሑፍ፣ በአብዛኛው የገዙት የመጽሐፉን ባለቤትነት ሳይሆን የማንበብ ፈቃድ መሆኑን ይገልጻል፤ ቁልፉን ማንሳትንም ይከለክላል። ሻጩ ይህን ቢደርስበት አካውንትዎን ሊዘጋ ይችላል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ፣ ሻጮች ደንበኛው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳያሳውቁት ዲጂታል ምርትን እንደሚገዛ አድርገው እንዳያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ሕግ አውጪዎችን ለዚህ ያበቃቸው ገዢዎች የሚከፍሉበትን ነገር ምንነት ሳያውቁ መቆየታቸው ነው።

አሁን ወደ ሥነ ምግባሩ ጥያቄ ልለፍ። የደራሲ መብት መሠረቱ ሰው በላቡ ያፈራውን ሌላው ያለ ዋጋ እንዳይወስድበት ነው። እርስዎ ዋጋውን ከፍለዋል፤ ከዚያ ክፍያ የደራሲው ድርሻ ተነሥቷል፤ መጽሐፉን በሌላ መሣሪያ ላይ ማንበብዎ ከደራሲው አንዲት ሳንቲም አይቀንስበትም። ስለዚህ በእኔ እምነት የደራሲውን መብት አልነኩም። ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ እንዲከፍል የሚገደድ አንባቢም ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም። ይህን ስል ውሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቃል የገባ ሰው ቃሉ ሊከብደው ይገባል። ነገር ግን ሳይደራደሩበት፣ እንዲሁ ተቀበል ወይም ተው ተብሎ የቀረበ ውል፣ በነፃነት ተነጋግረው ከፈረሙት ውል እኩል ኅሊናን ያስራል ብዬ አላምንም።

ሻጩ መጽሐፉን ለዘላለም ይጠብቅልኛል ብሎ መተማመንም እንደማያዋጣ የታወቁ ሁለት አጋጣሚዎች ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት፣ የማሳተም መብት በሌለው አቅራቢ የተሸጡ ናቸው በማለት፣ ኪንድል ከተባለው የገዢዎች ማንበቢያ መሣሪያ ላይ ከርቀት ሰርዟቸዋል። ገንዘቡን መልሷል፤ የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስም በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ይሁን እንጂ ከመጽሐፉ ጎን ለጎን ለትምህርቱ ማስታወሻ ሲይዝ የቆየ አንድ ተማሪ፣ ማስታወሻው ስለየትኛው ገጽ እንደሆነ በማይታወቅበት ሁኔታ ብቻውን ቀርቶበት ኩባንያውን ከሷል፤ ክሱም በስምምነት አልቋል። በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ፣ የተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ ከሐምሌ ወር ጀምሮ መከፈት አቆሙ። ኩባንያው የመጻሕፍቱን ዋጋ በሙሉ መልሷል፤ በኅዳጋቸው ማስታወሻ ለጻፉ ደግሞ 25 ዶላር ጨምሯል። አንባቢ ለዓመታት በመጽሐፉ ኅዳግ ያሰፈረው ሐሳብ ግን በዚህ ገንዘብ የሚመለስ አይደለም።

ምን ያድርጉ? በቅድሚያ ለሻጩ ጻፉለት፤ አንዳንዶቹ በሌላ መሣሪያ ላይ የሚሠራ አፕሊኬሽን አላቸው፤ አንዳንድ አሳታሚዎችም የግዢ ደረሰኝ ሲያዩ ያልተቆለፈ ቅጂ ይልካሉ። ያ ካልሆነ የአገርዎ ሕግ ለግል ጥቅም ቁልፍ ማንሳትን ይፈቅድ እንደሆነ ያጣሩ። የማይፈቅድ ከሆነ በሥነ ምግባር ንጹሕ መሆንዎ በፍርድ ቤት መከላከያ አይሆንዎትምና፣ ውሳኔው ይህን እያወቁ የሚወስኑት የእርስዎ ይሆናል። ከእንግዲህ ሲገዙ ግን ከመክፈልዎ በፊት መጽሐፉ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን በገጹ ላይ ይመልከቱ፤ ሳይቆለፍ የሚሸጥ ካለ ያንን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ማየት የተሳነው ነው። የሚያነበው ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይር ሶፍትዌር ነው። በቅርቡ የገዛነው የትምህርት መጽሐፍ ግን በመቆለፉ ምክንያት ሶፍትዌሩ አንድ ቃል እንኳ ሊያነብለት አልቻለም። ቁልፉን ባነሳለት ጥፋተኛ እሆናለሁ?
*የዘወትር አንባቢያችሁ*

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ሕጉም በዚህ ረገድ ከሌላው ቦታ ይልቅ ወደ ፍትሕ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ማራኬሽ ላይ ተፈርሞ በመስከረም 2016 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ማየት ለተሳናቸውና በሌላ ምክንያት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጻሕፍት ሊነበቡ በሚችሉበት መልክ እንዲዘጋጁ ይፈቅዳል። አንቀጽ 7 ደግሞ የቅጂ መከላከያ ቁልፎችን የሚጠብቀው ሕግ እነዚህን ሰዎች ከዚህ መብት እንዳያግዳቸው አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል። ስለዚህ አገርዎ የስምምነቱ አባል ከሆነች፣ ቀጥሎ መታየት ያለበት ይህን ግዴታ በራሷ ሕግ ውስጥ እንዴት እንዳሰፈረችው ነው።

በአሜሪካ ይህ መብት የተሰጠው በተለየ መንገድ ነው። በዚያ አገር በየሦስት ዓመቱ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከክልከላው ነፃ የሚሆኑ አጠቃቀሞችን ይወስናሉ። ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነብ ሶፍትዌር የተዘጉ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2003 ከነዚህ ውስጥ ገብተዋል፤ ከዚያም ፈቃዱ በተከታታይ ታድሷል። ሆኖም ማየት የተሳናቸው ሰዎችና ማኅበሮቻቸው ይህን አንድ ፈቃድ ለማሳደስ በየጊዜው ማስረጃ ይዘው እንዲቀርቡ ተገደዋል። ከዚህም በላይ ፈቃዱ የሚሸፍነው ቁልፉን የማንሳት ድርጊትን እንጂ ለዚሁ የሚያገለግለውን መሣሪያ ሠርቶ ማሰራጨትን አይደለም። በሌላ አነጋገር ሰውየው በሩን እንዲከፍት ተፈቅዶለታል፤ መክፈቻውን የሚሰጠው ሰው ግን እንደ ተከለከለ ነው። ይህ መስተካከል ያለበት ጉድለት ነው፤ የማንበብ መብት በየሦስት ዓመቱ የሚለመንበት ምክንያት አይታየኝም።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ መጽሐፉን በገንዘባችሁ ገዝታችኋል፤ ሌላ የሚነበብ ቅጂ ከሌለ ቁልፉን ማንሳት በሥነ ምግባር ረገድ አንዳች ነቀፋ የለበትም። እንዲያውም ነቀፋው የሚገባው መጽሐፍን ለማየት ለተሳነው ሰው ዘግቶ ለሸጠ ነው። አሳታሚውን ተደራሽ የሆነ ቅጂ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የምትከተሉትን መንገድ ወስናችሁ ስትጨርሱም የግዢ ደረሰኙንና የጻፋችሁትን ደብዳቤ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ከቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት የምዋሰው መጽሐፍ ሳልጨርሰው ጊዜው አልፎ ይዘጋብኛል። ቁልፉን አንስቼ ባስቀረው ማን ይጎዳል?
*አንዲት መምህርት*

መልስ፦ የሚጎዱ አሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ለእያንዳንዱ ዲጂታል ቅጂ ለአሳታሚው ከፍሎ ያገኘው ፈቃድ በብዙ ሁኔታ የጊዜ ወይም የውሰት ብዛት ገደብ ያለው ሲሆን፣ መጽሐፉ ሲመለስ ለሚቀጥለው ተራ ጠባቂ ይደርሳል። እርስዎ የከፈሉበት አይደለም፤ ቃል የገቡት መልሰው ሊሰጡ ነው። እዚህ ላይ ቁልፉ የሚሠራው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የመመለሻ ቀን ማኅተም የሚሠራውን ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ጠያቂያችን ጉዳይ ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም። የውሰት ጊዜውን ያራዝሙ ወይም እንደገና ይሰለፉ፤ ብዙ አንባቢ የሚጠብቀው መጽሐፍ ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ተጨማሪ ቅጂ እንዲገዛ ይጠይቁ፤ ለደራሲውም የሚጠቅመው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የታተመ መጽሐፍ አንብቤ ስጨርስ ለወንድሜ ልጅ እሰጠዋለሁ፤ አንዳንዴም እሸጠዋለሁ። የኤሌክትሮኒኩን ስጨርስ ቁልፉን አንስቼ ብሰጠውና የእኔን ባጠፋ ልዩነቱ ምንድን ነው?
*ስሜ ይቆይ*

መልስ፦ ሕጉ ልዩነት አለው ይላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 19 ቀን 2019 የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት፣ ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን ይሸጥ የነበረውን ቶም ካቢኔት የተባለ የኔዘርላንድ ድርጅት በሚመለከተው ጉዳይ፣ ከኢንተርኔት ወርዶ የተገኘ መጽሐፍን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መልሶ መሸጥ አይቻልም ብሎ ወስኗል። ምክንያቱ ዲጂታል ቅጂ እንደ ወረቀቱ አያረጅም፤ ገጹ አይላቀቅም፤ ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው በምንም አይለይም፤ በዚህም የተነሣ ያገለገለው ገበያ አዲሱን ገበያ ሙሉ በሙሉ ሊተካው ይችላል የሚል ነው። ያው ፍርድ ቤት በ2012 የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን በሚመለከት ሌላ ጉዳይ በተቃራኒው መንገድ መወሰኑ ግን መታወቅ አለበት።

እኔ የፍርድ ቤቱን ሥጋት እረዳለሁ። ሆኖም መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ፣ ልጅ ከአባቱ መደርደሪያ ማግኘቱ፣ ሲሞት ለወራሽ መቅረቱ፣ የንባብ ባህል የቆመበት ነገር ነው፤ ዲጂታሉ መጽሐፍ ይህን ሁሉ አስቀርቷል። መፍትሔው ያለው በሕግና በአሳታሚዎች አሠራር ውስጥ ነው እንጂ እያንዳንዱ ቤት በየራሱ ቁልፍ በመስበር ውስጥ አይደለም። የራስዎን ቅጂ እንደሚያጠፉ ባልጠራጠርም፣ የወንድምዎ ልጅ ለጓደኛው ሲያሳልፍ ያ ሰንሰለት የት እንደሚቆም ሊነግረኝ የሚችል የለም። ሻጩ ስጦታ መላክ ወይም ቤተሰብ ማጋራት የሚፈቅድ ከሆነ በዚያ ይጠቀሙ፤ ካልሆነ ለልጁ የወረቀቱን ይግዙለት።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ መጽሐፌን በኤሌክትሮኒክ ላወጣ ነው። አሳታሚው እንዲቆለፍ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ካልቆለፍኩት በነጋታው በየቦታው ይሰራጫል ብዬ እፈራለሁ፤ ከቆለፍኩት ደግሞ አንባቢዎቼን እንዳላስቸግር እሰጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?
*ጀማሪ ደራሲ*

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ዓመታት የፈጀ ሥራ በአንድ ሌሊት ያለ ዋጋ ሲሰራጭ ማየት የሚያቆስል ነገር መሆኑን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ጥያቄው ግን ቁልፉ ይህን ያስቀራል ወይ የሚለው ነው።

የቁልፍ ደካማነት ከባሕርዩ የሚመጣ ነው። አንባቢው መጽሐፉን ማንበብ አለበት፤ ስለዚህ መፍቻው በሆነ መልኩ በአንባቢው መሣሪያ ውስጥ መገኘት አለበት፤ እዚያ ያለውን ደግሞ ከጊዜ በኋላ የሚያገኘው ሰው አይጠፋም። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከከፈተው፣ የተከፈተው ቅጂ ለሚሰርቁት ሁሉ ይበቃል። በቁልፉ የሚቸገሩት በአመዛኙ ዋጋ ከፍለው በሕጋዊ መንገድ የገዙት ናቸው። ሕጉ በዚህ ክልከላ ላይ ምን ያህል ጠንክሮ እንደ ነበረ ለማየት የዲሚትሪ ስክልያሮቭን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። እኚህ ሩሲያዊ የፕሮግራም ባለሙያ አዶቤ የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ቁልፍ የሚያነሳ ሶፍትዌርን በተመለከተ በላስ ቬጋስ ገለጻ ካደረጉ በኋላ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 ታሰሩ። አዶቤ ራሱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዲፈቱ ጠይቋል። በአሠሪያቸው በኤልኮምሶፍት ላይ የቀጠለው ክስም በታኅሣሥ 2002 የዳኝነት ጉባኤው ኩባንያውን ከክሱ ሁሉ ነፃ በማድረጉ አበቃ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቁልፍ የሚያነሱ ፕሮግራሞች ከዓለም አልጠፉም።

በሌላ በኩል ቶር የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ቁልፉን ከመጻሕፍቱ ሁሉ ላይ አንስቷል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በመጻሕፍቱ ላይ የሚፈጸመው ስርቆት የሚታይ ጭማሪ እንዳላሳየ አስታውቋል። የአንድ አሳታሚ ልምድ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚታወቁ አንባቢዎች ያሉት ዘርፍ ነው፤ እነሱም አሳታሚውን የሚወዱ ናቸው። ቢሆንም ቁልፉን ማንሳት ገበያን ወዲያውኑ ያወድማል የሚለውን ሥጋት ያለዝባል።

በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለ፤ የገዢውን ስም ወይም የትእዛዝ ቁጥር በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽና በስውር ማተም። እንዲህ የተዘጋጀ መጽሐፍ በየትኛውም መሣሪያ ይከፈታል፤ ማየት ለተሳነውም ይነበባል፤ ገዢው ግን ስሙ ያለበትን ቅጂ ለማያውቀው ሰው ከመልቀቁ በፊት ያስብበታል። እኔ ብሆን ይህን እመርጥ ነበር። ምልክቱ የገዢውን የግል መረጃ የሚነካ በመሆኑ ከመግዛቱ በፊት ሊነገረው ይገባል፤ የባንክ ወይም የአድራሻ መረጃም ፈጽሞ መግባት የለበትም።

አሳታሚው በመቆለፉ ከጸና፣ በውሉ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ነገር እንዲጻፍ ይጠይቁ። አንደኛው በድምፅ ለሚያነቡ ሶፍትዌሮች መጽሐፉ ክፍት እንዲሆን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አሳታሚው ወይም ሻጩ ሥራውን ቢያቆም ለገዢዎች ያልተቆለፈ ቅጂ እንዲሰጣቸው ነው። ሳይቆለፍ እንዲወጣ ከተስማማችሁም፣ ቁልፍ እንደሌለው በመሸጫው ገጽ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ በብዙ መደብሮች ገዢው ይህን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውምና።